ካስማ የሚገባበት ጥግ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ሽማግሌው አለቃ ምሕረቱ ደጃቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ስንዱ ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ። ስንዱ በከተማው የምግብ ቤት ፈቃድ ሰጪ ሆና ከተሾመች ወሯ ነው። «አለቃ፣ ይህን አደባባይ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ለክቻለሁ። ታዲያ አዲስ ምግብ ቤት በመጣ ቁጥር ጎረቤቱን ሁሉ መሰብሰብ ምን ያደርግልኛል?» ነበር ያለቻቸው።

አንድ ሰው ነበረ፤ የአንድ ከተማ ሹም። ሰነፍ እንዳይመስልሽ! ጉቦ አይነካ፣ ባለጉዳይ አያመላልስ። ከሌላ አገር ተሹሞ ሲመጣ እናቱን ብቻ ይዞ ነው የመጣው። እናትየው ሰው ወዳድ ነበሩ፤ ዕቃቸው ሳይፈታ ሰፈሩን ለመዱና እድር ገቡ። «አንተማ ሥራ ይበዛብሃል፤ እኔ ገብቼልሃለሁ» አሉት። እሱም ሳቅ አለና ረሳው።

በከተማው መካከል አንድ አደባባይ ነበረ። ቀን ሙሉ ሰው ይተራመስበታል፤ ዙሪያው ምግብ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጭስና ጫጫታ ነው። መሬቱ ድንጋይ የተነጠፈበት ሲሆን አንድ ጥግ ብቻ አፈር ሆኖ ቀርቷል። አንድ ባለሀብት መጣና እዚያ ጥግ ላይ ምግብ ቤት ልክፈት ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ሹሙ መቼም ጠንቃቃ ነው፤ ጠዋት ሄዶ አየ፣ ማታ አየ፣ በገበያ ቀን አየ፣ በበዓልም አየ። ጥጉ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ሰው የሞተበትን ቀን ብቻ አላየም።

አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ፣ «ጌታዬ፣ ሰፈሩ ተጠይቋል?» ቢሉት፣ «ባዶ መሬት ደግሞ ማንን ያስጠይቃል? ዓይን አለኝ እኮ!» አለና ፈረመ።

ምግብ ቤቱ አማረ። የጥብሱ ሽታ ከሩቅ ይጣራል፤ ሙዚቃው ይደምቃል፤ ሰፊው በረንዳ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ሹሙ በዚያ ባለፈ ቁጥር ደስ ይለዋል። ሰፈሩ ዝም አለ፤ ዝምታው ለሹሙ ምርቃት መሰለው።

ምን ይደረጋል፣ አንድ ቀን እናቱ አረፉ። ሹሙ ዘመድ በሌለበት አገር ብቻዬን ልቀብራት ነው ብሎ ሲንሰፈሰፍ፣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ እንደ እናታቸው አለቀሱ። ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸክመው ወደ አደባባዩ ወረዱ። በዚያ ሰፈር ቤቱ ሁሉ የተጣበቀ ነው፤ ግቢ የሚባል የለም። ስለዚህ ለቅሶ የሚቀመጡት ከጥንት ጀምሮ በዚያች የአፈር ጥግ ድንኳን ተክለው ነው፤ ካስማ የሚገባው እዚያ ብቻ ነዋ! ምግብ ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ በሰፈሩ የሞተ ሰው አልነበረም፤ መጀመሪያ የሞቱት የሹሙ እናት ሆኑ።

የአፈሩ ጥግ በበረንዳው ስለተያዘ ጎልማሶቹ ድንጋዩ ላይ ካስማ ቢመቱ ጎበጠ። ሌላ ቢመቱ ተሰበረ። በረንዳው ላይ ነገሩን ያልሰማ ደንበኛ ይስቃል፣ ሙዚቃውም ይጮኻል። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ወደ ሹሙ ቀረብ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ጌታዬ፣ የት እንትከል?» አሉት።

ሊያሳፍሩት አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። እሱ ግን ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለ።

ባለ ምግብ ቤቱ ከውስጥ ይህን ሲያይ ሮጦ ሙዚቃውን ዘጋ፣ እሳቱን አጠፋ፣ ጠረጴዛውን ከደንበኞቹ ፊት እያነሣ ያወጣ ጀመር። እናትየው የሽንኩርት ሽታ ባልለቀቀው በረንዳ ሥር ተለቀሰላቸው። «እናቴን የሚለቀስላት ቦታ ያሳጣኋት እኔው ነኝ» እያለ ሹሙ አምርሮ አለቀሰ።

ከሐዘኑ በኋላ ሰፈሩን ሰበሰበና ጠየቀ። ይፍረስ ይሉኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። እነሱ ግን፣ «ለምን ይፈርሳል? ጥብሱን እኛም ወደነዋል! በረንዳው ብቻ በወዲያኛው በኩል ይዙርልንና ጥጉ ይለቀቅ፤ ለቅሶ ባለ ቀንም ሙዚቃው ይብቃ» አሉ።

ባለ ምግብ ቤቱ ራሱን ያዘ። «ይኸው ነው እንዴ? ምነው ቀድማችሁ በነገራችሁኝ! ከመጀመሪያውም በዚያ በኩል እሠራው ነበር እኮ!»

«ሳይጠሩት አቤት ይባላል?» አሉ ዳኛው።

በረንዳው ዞረ፤ ጥጉ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በአደባባዩ ላይ ብዙ ምግብ ቤት ተከፈተ፤ ሰፈሩ ሳይጠየቅ የተከፈተ ግን የለም። ሹሙም እዚያው አገር አረጀ።

አለቃ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ወደ ስንዱ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ያ ሹም አንቺ ነሽ። ዓይንሽ ጎበዝ ነው፣ አይካድም። ግን ዓይን የሚያየው የሄድሽበትን ቀን ነው፤ ዓመቱን የሚያውቀው ነዋሪው ነው። ሰፈሩን የምትጠይቂው ፈቃዱን እንዲያስከለክልሽ እንዳይመስልሽ፤ ካስማው የት እንደሚገባ እንዲያሳይሽ ነው። አትፍሪ፣ ሰው ሲጠየቅ ልቡ ይሰፋል።»

«እሺ አለቃ፣ ታዲያ ከማን ልጀምር?»

«ወይ አንቺ ልጅ!» አለቃ ከልባቸው ሳቁ። «እኔ እዚሁ አደባባይ ላይ ስኖር አይደል የሸበትኩት? ደጄ ላይ ምግብ ቤት ልትፈቅጂ መጥተሽ፣ ይኸው ስናወራ አረፈድን፤ አንዴ እንኳን አልጠየቅሽኝም!»