የመቀናጆው በሬ

አንድ አሠልጣኝ ነበረ፤ የገዛ ጥላውን የማያምን። የአንድ መምህራን ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን ይዞ ሰባት ጨዋታ አደረገ። ስድስቱን ተሸነፈ፤ አንዱን አቻ ወጣ። በሰባቱ ጨዋታ ያገኘው ጎል አንድ ብቻ ነው፤ እሷንም ያገባት የተጋጣሚው ተከላካይ ተሳስቶ በራሱ መረብ ላይ ነው። የቀረው የቅዳሜው ጨዋታ ነው። የኮሌጁ ዲን ቢሮው ጠርቶ፣ «ቅዳሜ ከተሸነፋችሁ ቡድኑ ይበተናል፤ ሜዳውንም ለሌላ ሥራ እንፈልገዋለን» ብሎታል።

አሠልጣኙ የማይጠረጥረው ነገር አልነበረም። ዳኞቹ የተገዙ መሰሉት። ኳሱ ሆን ተብሎ የተነፈሰ መሰለው። ከሁሉ በላይ ግን የግራ መስመር ተጫዋቹን ጠረጠረ። ተጫዋቹን የመረጠው ከእሱ በፊት የነበረው አሠልጣኝ ነው። ኳስ ሲደርሰው እግሩ ይተሳሰራል፤ ሲያሻግር ኳሷ ከሜዳ ትወጣለች። «የድሮው አሠልጣኝ እኔን ለማስባረር ትቶብኝ የሄደው ሰው ነው» ይላል አሠልጣኙ በልቡ። በዚህ ምክንያት የማጥቃት ስልቱን ሦስት ጊዜ ቀየረ። መጀመሪያ በረጅም ኳስ ነበር፤ ቀጥሎ በአጭር ቅብብል፤ ከዚያ በክንፍ በኩል እያሻገሩ። አሁን ደግሞ አራተኛውን በወረቀት ስሎ፣ ማንም እንዳያይበት አራት አጥፎ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል።

በሜዳው ዳር ካለው ግራር ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ልምምድ የሚያዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ያደጉት በእርሻ ነው፤ በኋላ በዚያው ኮሌጅ ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ረቡዕ ልምምድ ሲያበቃ አሠልጣኙ ቡድኑን አሰናበተ። የግራ መስመሩን ተጫዋች ብቻ «አንተ ዙር ሩጥ» ብሎ አስቀረውና ወደ ሽማግሌው ሄደ። አጠገባቸው ተቀምጦ ግራ ቀኝ ገላመጠ፤ ከዚያ ወረቀቱን አወጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ግን በመካከላችን ይቅር» አላቸው። «የማጥቃት ስልታችንን ልቀይር ወይስ በያዝነው ልግፋ? እስቲ ይቺን ይዩልኝ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀበሉና ሳይገልጡት ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ለምን ትቀይረዋለህ?»

«የሚከዳኝ ሰው አለ፤ ለዚህ ነዋ! ስልቱ አዲስ ከሆነ የሚያበላሽበትን መንገድ አያውቀውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?»

«መባሉስ ይባላል» አሉ ሽማግሌው። «እንግዲያው እኔም ስለ አንድ ጠርጣሪ ልንገርህ።» እንዲህም ብለው ነገሩት።

አንድ ገበሬ ነበረ። በሬው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። ስለዚህ በአገሩ ወግ፣ እንደ እሱ ባለ አንድ በሬ ከሆነ ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገባ። ሁለቱን በሬ በአንድ ቀንበር ጠምደው፣ አንድ ቀን የእሱ መሬት፣ አንድ ቀን የጎረቤቱ መሬት ይታረሳል ማለት ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ያረሰ ያበላል። በሬዎቹ መሬቱን ያረሱለት ሰው ዘንድ ያድራሉ፤ ራታቸውንም የሚያቀርበው እሱ ነው። የገበሬው በሬ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይባላል። የጎረቤቱ በሬ አመድማ ነው፤ ዳልቻ ይሉታል። ቦራ በቀኝ፣ ዳልቻ በግራ ይጠመዳሉ።

መቀናጆው በተጀመረበት ማታ ገበሬው በሬዎቹን ወደ ጋጣ አስገብቶ ድርቆሹን ሊያካፍል ሲል እጁ ቆመ። «ቆይ እስቲ» አለ በልቡ። «ነገ ቦራ የሚያድረው እዚያ ሰውዬ ቤት ነው። ማን ያየዋል? የራሱን በሬ አጥግቦ የኔን ውኃ ብቻ አጠጥቶ ቢያሳድረውስ? የሰው በሬ የማደልብ ምን ያለሁ ሞኝ ነኝ?» ድርቆሹንና አተላውን ለቦራ አቀረበ። ለዳልቻ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ጣለለት። ልብ በል፤ ጎረቤቱ ገና ምንም አላደረገም፤ ቦራም እዚያ ቤት አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም። ገበሬው ግን ይህን ማጭበርበር አላለውም፤ ጥንቃቄ አለው። በሚቀጥለውም ተራው እንዲሁ አደረገ። እያደር ልማድ ሆነና ማሰቡንም ተወው፤ እጁ ብቻውን ለቦራ ድርቆሽ፣ ለዳልቻ አገዳ ያቀርብ ጀመር።

ሰኔ ሲጋመስ ዳልቻ ደከመ። ቦራ ወደ ፊት ሲስብ ዳልቻ ወደ ኋላ ይቀራል። ቀንበሩ ይጣመማል፤ ትልሙም የሰካራም መንገድ ይመስላል። ጤፍ ደግሞ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ ያልለሰለሰ መሬት አይወድም። ገበሬው ያለው መሬት ያ ብቻ ነው፤ ለዘር ያስቀመጠው ጤፍም አንድ ስልቻ። ሐምሌ ካመለጠው የልጆቹ የዓመት እንጀራ አመለጠ። ስለዚህ ፈራ። ሲፈራ ደግሞ የባሰውን ጠረጠረ።

«ሰውዬው በሬውን በኔ ተራ እንዲለግም አስተምሮታል» አለ። በሬን ልግም እንዴት እንደሚያስተምሩት እኔን አትጠይቀኝ፤ ለጠርጣሪ ሰው ሁሉ ይቻላል። ዳልቻ በጎረቤቱ መሬት ላይ ሲለግም ያየው ጊዜ ደግሞ «አሃ! እንዳይነቃበት ነው እኮ!» አለ። የዳልቻን የጎድን አጥንት እየቆጠረ፣ «ይኼ ስስታም፣ የገዛ በሬውን እንኳ አያበላም!» እያለ ለመንደሩ አወራ። ያን አጥንት ማን እንዳወጣው አንድ ቀን አላሰበም።

ጎረቤቱን ጠርቶ ከመጠየቅ ይልቅ አስተራረሱን ይለዋውጥ ጀመር። መጀመሪያ የበሬዎቹን ጎን አቀያየረ፤ ዳልቻን በቀኝ፣ ቦራን በግራ ጠመደ። በሬ ግን የለመደውን ጎን ያውቃል። ሁለቱ ሲጋፉ፣ ሲዞሩም እርስ በርስ ሲረጋገጡ ውለው፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር ተበጠሰ። አንድ ተራ እንዲህ አለፈ። ቀጥሎ «ጥፋቱ የማረሻው ነው» ብሎ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ቀጭን ማረሻ አሠራ። ቀጭኑ ማረሻ መሬቱን ጫረው እንጂ አልፈነቀለውም። ከዚያ «አቅጣጫው ነው» አለና፣ አባቱም አያቱም አግድም ሲያርሱት የኖሩትን ተዳፋት ቁልቁል አረሰው። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ ትልሙን መንገድ አድርጎ ጥሩውን አፈር ይዞ ወረደ።

ሚስቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ያን ደፍራሽ ውኃ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ነገርህ ሁሉ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ እኮ! ጠብህ ከሰውዬው ጋር ከሆነ ሰውዬውን አታነጋግረውም? መሬቱ ምን አደረገህ?»

«አነጋግረዋለሁ» አለ ገበሬው። «ግን መጀመሪያ እጅ ከፍንጅ ልያዘው።»

በማግስቱ ተራው የጎረቤቱ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ገበሬው ከጎረቤቱ አጥር ሥር ተጎንብሶ በቀዳዳ አጮለቀ። ጎረቤቱ ሁለት እቅፍ ድርቆሽ ይዞ ወጣ። አንዱን ለቦራ፣ አንዱን ለዳልቻ አቀረበ። አተላውንም በሁለት ገንዳ እኩል አካፈለ። እንዲያውም ቦራን አስቀደመ።

ገበሬው ይህን አይቶ ደስ ያለው እንዳይመስልህ። «አይቶኛል ማለት ነው!» አለ። «እያየሁት መሆኑን ስላወቀ ነው!» ተናዶ ሊሄድ ሲል፣ ጎረቤቱ የዳልቻን አንገት እያሻሸ ሲናገር ሰማው።

«ብላ ዳልቻ፣ ዛሬ ብላ። ነገ የምታድርበት ቤት አያበላህም። ምን ላድርግህ? ብናገረው ተቀይሞ መቀናጆውን ያፈርሰዋል፤ መቀናጆው ከፈረሰ ደግሞ እሱም እኔም አናርስም።»

ገበሬው ይበልጥ ሊሰማ ተጠጋ። አጥሩን ቢይዝ አጥሩ ተንቋቋ። ጎረቤቱ ዞር ብሎ አየው፤ ምንም አልደነገጠም።

«አንተ ነህ እንዴ? ምነው ከአጥር ሥር? በር አለኝ እኮ» አለው።

ገበሬው ቆመ። «ታውቅ ነበር?» አለው።

«እንዴት አላውቅም? ከአንተ ቤት በተመለሰ ቁጥር የበሬዬን ሆድ እዳብሰዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላው ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ቦራን ለምን ታበላዋለህ?»

«ቦራ ምን አደረገኝ? ደግሞስ ነገ ከኔ በሬ ጋር የሚጠመደው ማን ሆነና? እሱም እንደ ዳልቻ ከከሳ ቀንበሩን ማን ሊስበው ነው? ጎን ለወጥክ፣ ዝም አልኩህ። ማረሻ ለወጥክ፣ ዝም አልኩህ። ቁልቁል ስታርስ ግን ላንተ አለቀስኩልህ። ወንድሜ፣ በሬ የሚስበው በሆዱ ነው።»

ገበሬው አፈረ። ከእፍረቱም ይልቅ ያባከናቸው ቀናት አንገበገቡት። በነጋታው ማታ በገዛ ጋጣው ድርቆሹን እኩል ከፈለ፤ ዳልቻንም አስቀደመ። በሬዎቹን ወደ የጎናቸው መለሰ፣ የድሮውን ማረሻ አስገባ፣ መሬቱንም እንደ አባቱ አግድም አረሰ። ነገር ግን ወር ሙሉ የተራበ በሬ በአንድ ራት አይበረታም፤ ዝናብ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ዳልቻ እስኪጠነክር ሐምሌ አለቀ። ገበሬው የመሬቱን ግማሽ ጤፍ ዘራበት። ግማሹ አልደረሰለትምና ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራ በተነበት። የዚያን ዓመት ቤተሰቡ አልተራበም፤ አልጠገበምም።

ሽማግሌው እዚህ ሲደርሱ ወደ አሠልጣኙ ዞሩ።

«ልጄ፣ ስልት ልቀይር ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። ስልትህ ቀንበርህ ነው። ዳልቻህ ደግሞ ያ የግራ መስመር ተጫዋችህ ነው። እኔ ከዚህ ድንጋይ ላይ ሆኜ በየቀኑ አይሃለሁ። የቀኙን ተጫዋች ኳስ በኳስ ላይ ትሰጠዋለህ፤ አጠገቡ ቆመህ እግሩን እንዴት እንደሚያሳርፍ ታሳየዋለህ። የግራውን ‹አንተ ዙር ሩጥ› ትለዋለህ። ሜዳውን ሲዞር ውሎ ኳስ ሳይነካ ወደ ቤቱ ይገባል። የጨዋታው ቀን ኳሱ ሲመጣለት እግሩ ይተሳሰርበታል፤ አንተም ‹ከዳኝ› ትላለህ። አጥንቱን ያወጣኸው አንተ ነህ። እንዳይከዳኝ ብለህ ከልክለኸው፣ የከለከልከውን ስላጣ ከሃዲ አልከው።»

አሠልጣኙ መሬት መሬት እያየ፣ «እንግዲያው ስልቱን አልቀይረው?» አለ።

«አትቀይር አላልኩህም። ቀንበርም ያረጃል፤ ሲያረጅ ይለወጣል። ግን በተራበ በሬ የተሞከረ ቀንበር ጥሩ ይሁን መጥፎ ማን ያውቃል? ሦስቱንም ስልትህን የሞከርካቸው በተራበ በሬ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም እኩል አብላ፤ የሚስማማቸውን ቀንበር ያን ጊዜ ራሳቸው ያሳዩሃል። እስከ ቅዳሜ ሁለት ልምምድ አለህ። ታሸንፋለህ ብዬ አልዋሽህም፤ ዳልቻም በአንድ ራት አልበረታም። ግማሽ መሬት መዝራት ግን ጦሙን ከማሳደር ይሻላል።»

ወረቀቱንም እንደታጠፈ መለሱለት። አሠልጣኙ ተቀበለው፤ ኪሱ ግን አልከተተውም። ከሜዳው ማዶ የግራ መስመሩ ተጫዋች ገና እየዞረ ነበር። ጓደኞቹ ሁሉ ሄደዋል፤ እሱን ግን ቁም ያለው ሰው የለም። አሠልጣኙ ተጫዋቹን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። ዓይኑ ጠበበ።

«ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ይህን ሁሉ የነገረዎት እሱ ነው? እሱ ነው የላከዎት?»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱና በምርኩዛቸው ወደ ሜዳው አመለከቱ።

«አሁንም አጥር ሥር ነህ፣ ልጄ» አሉት። «በሩ ያውልህ። ሂድና ልጁን አቁመው፤ ኳስም ስጠው።»