የኩሬው ድንጋይና የቀበሮ ሜዳ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳውም ላሟም አህያዋም ከአንድ ኩሬ በሚጠጡበት ሸለቆ፣ የገና ጨዋታ የሚጫወቱ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ነበሩ። ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር በቆልማማ ዱላቸው ሲመቷት ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ትበር ነበር። በየሰንበቱ እንስሳቱ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ቡድናቸው ሲያሸንፍ ሸለቆው በጩኸት ይናወጣል፤ ሲሸነፍ እራት የሚበላ አይገኝም።

ከሁሉም ይበልጥ የምትጮኸው እመት አህዪት ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ሸክም ተሸክማ ስትውል ቃል አትተነፍስም፤ ሰንበት ሲደርስ ግን ድምፅዋ ጋራውን ይሰነጥቃል። «አባ ጎፈር! በለው! በለው እንጂ!» ትላለች። አባ ጎፈር የዝንጀሮዎቹ አለቃ ነው፤ ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሩ ትከሻውን የሚያለብስ።

ቡድኑ ግን ጌታ ነበረው፤ ቀበሮ። ድሮ በየገደሉ ተበታትነው ሲጫወቱ ያሰባሰብኳቸው እኔ ነኝና የእኔ ናቸው ይላል። ተመልካቹ ከሚያመጣው ማርና እሸት ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም እሱ ነው።

በዚያ በጋ የኩሬው ግንብ ተሰነጠቀ። እንስሳቱም ክረምት ሳይገባ ሊጠግኑት ብለው ድንጋይ ፈልጠው ከመሩ። ቀበሮ ክምሩን አየ። አየና ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«ወገኖቼ፣» አለ ዓይኑን እያባበሰ፣ «ክፉ ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት። ከወንዙ ማዶ ያለው አያ ጅቦ ለቡድናችን በድንጋይ የታጠረ፣ መቀመጫ ያለው ሜዳ ልሥራላችሁ እያለኝ ነው። እኔ እንኳ ልቤ ከእናንተ ጋር ነው። ግን ዝንጀሮዎቼን ባዶ ሣር ላይ እስከ መቼ አስሮጣቸዋለሁ? እንዲህ ያለ ሜዳ ካልሠራችሁልኝ ቡድኔን ይዤ መሄዴ ነው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሸለቆው ሰላም አጣ። ጎህ ሲቀድ አንዱ ጉብታው ላይ ወጥቶ ዝንጀሮዎቹ መኖራቸውን ያያል፤ እሱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። በግ «ጓዛቸውን ሲያስሩ አየሁ» ይላል፤ ምንም ሳያይ። ፍየል ያን ሰምታ ትሮጣለች። ሣር የሚግጠው ቀና፣ ውሃ የሚጠጣው ቀና፤ ሁሉም ወደ ወንዙ መንገድ ያያል።

አያ አንበሶ ሸንጎ ጠራ።

«ድንጋዩ የኩሬው ነው፤» አለች እመት ላሚት። የወር ጥጃዋ ከሆዷ ሥር ቆማለች። «ክረምቱ ውሃ ሳንይዝበት ካለፈ በጋውን ምን ልንጠጣ ነው?»

ቀበሮ ፈጥኖ ቃሉን ነጠቃት። «ሜዳ ካለ እንግዳ ይመጣል። ከየሸለቆው ተመልካች ይጎርፋል። እንግዳ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ማር ይዞ፣ አሞሌ ይዞ ነው። ያኔ አንድ ኩሬ ጠግናችሁ አትቀሩም፤ ሌላም ትጨምራላችሁ።»

አያ አንበሶ አርጅቷል። ጥርሱ ሳስቷል፤ ግሣቱም ሰልሏል። የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ነበር። «በአንበሶ ዘመን ቡድናችን ተወሰደ ተብሎ ለልጅ ልጅ ይነገርብኝ?» አለ። ከዚያ ዘወር ብሎ «አህዪት፣ የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?» አላት።

«እሸከመዋለሁ!» አለች እመት አህዪት፣ ጥያቄው ሳያልቅ። «እነሱ የሌሉበት ሰንበት ምኑ ሰንበት ነው?»

ሸንጎው በደስታ ጮኸ። እመት ላሚት ጥጃዋን ይዛ ሄደች።

የሜዳው ሥራ ተጀመረ። እመት አህዪት ድንጋዩን ከክምሩ ወደ ሜዳው ስታመላልስ ጀርባዋ ቆሰለ፤ እሷ ግን ቁስሉን አላየችውም። አጥሩ ሲያልቅ ቀበሮ «ፀሐዩስ? እንግዶቼ ይንደዱ?» አለ። ለበጋ የተከመረው የከብቶቹ ሣር ተነሥቶ የመቀመጫው ጣራ ተከደነበት።

ሜዳው የተመረቀ ዕለት ከሩቅ የመጣ ሁሉ አፉን ያዘ። እመት አህዪት ገና ከበሩ ስትደርስ ግን ለቀበሮ ዘበኛ የሆነ አንድ የቀበሮ ቡችላ አስቆማት። «ጆሮሽ ረጅም ነው፤ ከኋላሽ ያለውን ይከልላል። እዚያ ማዶ ቁሚ» አላት። ከአጥሩ ውጭ ቆመች። ራሷ የተሸከመችው ድንጋይ ከለላት፤ የዱላውን ቋ! ቋ! ማለት ብቻ ሰማች። ቢሆንም «አባ ጎፈር! በለው!» እያለች ጮኸች።

ክረምት ገባ። ዝናቡ ጥሩ ነበር። ውሃው ወደ ኩሬው ገባና በስንጥቁ ወጥቶ ሄደ።

ቀበሮ ደግሞ በዚያው ሰሞን ወንዙን ተሻገረ። አያ ጅቦ እስከዚያች ቀን ድረስ ስለ ሜዳም ሆነ ስለ ቡድን ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«አያ ጅቦ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ርቦኝ፤» አለ ጅብ።

«ይህን የሚያህል አገር ይዘው ቡድን የለዎትም! ማዶ ያሉት ምን የመሰለ ሜዳ እንደ ሠሩልኝ አይተዋል? ከዚያ የሚበልጥ ቢሠሩልኝ ቡድኔን አመጣልዎታለሁ።»

ጅብ ትንሽ አሰበ። «ቡድን ይበላል?»

«አይበላም። ግን ተመልካች ይከተለዋል።»

«ተመልካች ምንድን ነው?»

«በግ ነው። ፍየል ነው። አህያም አለችበት።»

ጅብ ከተኛበት ዘሎ ተነሣ። «አህያ? በእግሯ መጥታ?»

«በእግሯ መጥታ። እየጮኸች ጭምር።»

«ትልቅ ይሁን!» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ሜዳው ትልቅ ይሁን! አንድም ሳይቀር የሚያስገባ!»

የጅብ ወገን በሙሉ አደን አቁሞ ቁፋሮ ገባ። ቡችሎች ያሏቸው ጅቦች ከዋሻቸው ወጡና ዋሻው ለቀበሮ ማረፊያ ሆነ። ቀበሮም ሜዳውን አየ፤ ወደደው።

በጥቅምት አንድ ጠዋት እመት አህዪት ወደ ወንዙ መንገድ ስትወጣ ዝንጀሮዎቹን አገኘቻቸው። ጓዛቸው ጀርባቸው ላይ ነበር። ደነገጠች።

«አባ ጎፈር፣ መሄዳችሁ ነው?»

«እኛን ማን ጠየቀን?» አለ አባ ጎፈር። «የሰማነው ገና አሁን ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚህ ገደል ላይ ነው፤ የማዶውን መንገድ እንኳ አላውቀውም።»

አያ አንበሶ እያነከሰ ደረሰ። «ቀበሮ! እንደ ጠየቅኸው ሠራንልህ እኮ!»

«ሠራችሁልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ፤» አለ ቀበሮ መንገዱን ሳያቋርጥ። «ግን የአያ ጅቦ ይሰፋል።»

እመት አህዪት እስከ ወንዙ ሸኘቻቸው። ተሻግረው እስኪሰወሩ ቆመች። 

ጥር ላይ ኩሬውም ወንዙም ደረቁ። የከብቶቹም ሣር ጣራ ላይ በስብሶ ነበር። እንስሳቱ ውሃ ፍለጋ ወደ አንድ ሩቅ ምንጭ ይመላለሱ ጀመር፤ ሲሄዱ ፀሐይ፣ ሲመለሱ ፀሐይ። ከዕለታት አንድ ቀን የእመት ላሚት ጥጃ መንገድ ላይ ተንበረከከች። እናትዋ ላሰቻት፤ ገፋቻት። አልተነሣችም። አያ አንበሶ ከኋላ ሲደርስ አየ፤ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሸንጎ አልጠራም።

በማዶ በኩል ደግሞ የመጀመሪያው ሰንበት ጨዋታ ተጀመረ። ጅብ መሐል ተቀምጦ ወደ በሩ እያየ ጠበቀ። አንድም በግ አልመጣም።

«የት አሉ?» አለ።

«መንገድ ላይ ናቸው፤» አለ ቀበሮ።

በተከታዩም ሰንበት ማንም አልመጣም። ከጅብ ደጅ ማን በእግሩ ሄዶ ይቀመጣል? ጅብ ግን ይህን ሊያስበው አልቻለም። «መንገዱ ምን ቢረዝም ነው?» ይላል። ቀበሮ ይሥቃል፤ ሣቁ ግን እያጠረ ሄደ። በመጨረሻ ጅብ ሆዱ ከጀርባው ተጣበቀና ሩሯን ማየት ትቶ የሚመቷትን ማየት ጀመረ።

«ተመልካቹ ካልመጣ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ተጫዋቹም እኮ ሥጋ ነው።»

ብሎም ዘለለ። ዝንጀሮዎቹ ዱላቸውን እንደያዙ ገደሉን ወጡ። ቀበሮ በበሩ ሲሾልክ የጅራቱ ጫፍ ጅብ አፍ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ሸለቆው በጩኸት ተሞላ። «መጡ! መጡ!» እመት አህዪት ከሁሉ ቀድማ ሮጠች። አባ ጎፈር አቧራ ለብሶ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ሲመጣ ስታይ ልቧ ሊወጣ ደረሰ።

ቀበሮ ግን ጉብታው ላይ ወጣ። «ወገኖቼ፣ ናፍቆታችሁ አላስቀምጥ አለኝ! አሁን እዚሁ ነኝ። ብቻ አጥሩ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ጣራውም ይታደስ። ያለበለዚያ ከጋራው ማዶ ያሉት ከርከሮዎች እየለመኑኝ ነው።»

እንስሳቱ ተያዩ። ማጉረምረም ተነሣ። «ትንሽ ብቻ ብንጨምርለትስ?» አለ በግ። «እውነት ነው፤ ደግሞ ቢሄድብንስ?» አለች ፍየል። ሁሉም ወደ አያ አንበሶ ዞሩ። አያ አንበሶ ወደ እመት ላሚት አየ።

እመት አህዪት ግን ወደ ሜዳው ሄደች። ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጠችና በኋላ እግሮቿ ረገጠችው። አንድ ድንጋይ ወደቀ። ደግማ ረገጠች።

«እብድ!» አለ ቀበሮ። «ሜዳዬን እያፈረሰች ነው! ያዟት!»

እመት ላሚት ተነሥታ መጣች፤ ቀንዷን ከድንጋዮቹ መሐል አስገብታ ፈነቀለች። ከዚያ አያ አንበሶ መጣና ያረጀ ትከሻውን አጥሩ ላይ ጣለ። ግንቡ ተናደ።

«ዝንጀሮዎቼ! ተነሡ፣ እንሂድ!» አለ ቀበሮ።

አባ ጎፈር ዱላውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ትልቁን ድንጋይ አቀፈና እያነከሰ ወደ ኩሬው ወረደ። ሌሎቹም ተከተሉት። ቀበሮ ጠበቀ፤ ተጣራ፤ ተሳደበ። በኋላ ቆራጣ ጅራቱን ከእግሩ መሐል ከትቶ ብቻውን ወደ ከርከሮዎቹ አገር ጋራውን ወጣ።

ግንቡ ተጠግኖ እንዳለቀ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። በሰንበት ዝንጀሮዎቹ ርጥብ ሣር ላይ ተጫወቱ፤ ሁሉም እንደ ፈለገ ተቀመጠ፤ እመት አህዪት ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። እመት ላሚት ግን አልመጣችም። ኩሬው ዳር ብቻዋን ቆማ ውሃው ሲሞላ ታይ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ «ካልሰጣችሁኝ ትቻችሁ እሄዳለሁ» ለሚል ጌታ የልጆቹን ውሃ አንሥቶ የሚሰጥ አገር፣ ጌታውንም ውሃውንም እንደሚያጣ ነው።