ስም የሚጠብቀው ወይፈን

በአንድ ወቅት፣ ዲሽ በየቆርቆሮው ጣራ ላይ ከበቀለ በኋላ፣ ባዘዘው የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች። ሦስት ልጆቹ ከተማ ገብተው አንድ ቤት በጋራ ተከራይተው ይኖራሉ። ታላቁ ይርሳው በርና መስኮት ይበይዳል። መካከለኛዋ ጥሩአየሁ ልብስ ትሰፋለች። ታናሹ ምንውየለት ባጃጅ ይነዳል።

ባዘዘው ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። የሚያወራው ከበሬ ጋር ነው። ልጆቹ ይህን ከትንሽነታቸው ያውቃሉ። የእነሱን ስም በቀን አንድ ጊዜ ከጠራ ብዙ ነው። የበሬውን ስም ግን እርፍ ከያዘ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠራል። ያመሰግነዋል፣ ይቆጣዋል፣ ይለምነዋል።

አንድ ክረምት ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱ ገደል ገባ። ጉራች የሚባለው ሽማግሌው ብቻ ቀረ። በአንድ በሬ አይታረስም። ስለዚህ እንደ እሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጀ። መቀናጆ ማለት የሁለት ሰው በሬ አንድ ላይ ጠምዶ በተራ ማረስ ነው፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። ደንቡ መልካም ነው። በዚያ ሐምሌ ግን ለዘር የሚመቸው ቀን ሁሉ በጎረቤት ተራ ላይ ዋለ። ባዘዘው ቆሞ ጠበቀ። የእሱ ጤፍ የተዘራው ዘግይቶ ነው።

መስከረም ላይ ጥሩአየሁ ልትጠይቀው ሄደች። ከማሳው ዳር ተቀምጦ አገኘችው።

«አባ፣ ጤፉ ሳሳ እኮ።»

«ሳሳ።»

«ሌላ በሬ ካልተገዛ የሚመጣው ዓመትም እንዲሁ ነው?»

«እንዲሁ ነው።»

ተነስቶ አረም መንቀል ጀመረ። አምጡልኝም አላለም።

ጥሩአየሁ ተመልሳ ለወንድሞቿ ነገረቻቸው። ለበሬ መግዣ ከየትኛው ወጪ እንደሚቀነስ አብረው አሰቡ። ከኪራይ አይቀነስም። ከምግቡም የሚነሳ የለም። ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ሥር ወደተቀመጠው ዲኮደርና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ዋይፋይ ሄደ። የሁለቱ ወርሃዊ ክፍያ ሲደመር የቤት ኪራዩን ግማሽ ያህላል። «ይህን ቆርጠን እቁብ እንግባ፤ በሰኔ በሬ እንግዛ» ተባባሉ። በሦስቱም ስም አንድ እቁብ ገቡ።

መጀመሪያ ምንውየለት ተነሳ። ዲኮደሩ የሚከፈልበት በእሱ ምክንያት ነበር፤ ለኳስ። ቡድኑ ሲሸነፍ እራት የማይበላ ልጅ ነው። «ኳስ የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ይዘጋ» አለ። ተዘጋ። ወደ ኳስ ማሳያ ቤትም አልሄደም። የባጃጅ ጓደኞቹ አልተዉትም።

«ምንው፣ ዛሬ ትልቅ ጨዋታ ነው። አትገባም?»

«ሥራ አለኝ።»

«መነኮሰ በሉኛ። ቆብ እንግዛለት።»

እነሱ ባጃጃቸውን አቁመው ሲገቡ መንገዱ ላይ ተሳፋሪ ብቻ ቀረ። ምንውየለት እየተመላለሰ ጫነ። ከኳስ ቤቱ ጩኸት ሲነሳ አንገቱን ወደዚያ ያዞር ነበር። አንድ ቀን አልቻለም፤ ከኋላ የተሳፈሩትን ባልቴት ጠየቀ።

«እማማ፣ ማን ያገባ ይመስልዎታል?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ። ብቻ አንተ ቀስ በል።»

በጨዋታ ሰዓት ያገኘውን ለብቻ አስቀምጦ እቁቡ ላይ ጨመረ።

ቀጥሎ የይርሳው ተራ ነው። ኳሱ ከተዘጋ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ዲሹ የዞረው ክፍያ ወደሚጠይቀው ሳተላይት ብቻ ነበርና ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ ተቀመጠ። ሦስቱ ከሥራ ገብተው ግድግዳ ያያሉ። በሦስተኛው ሳምንት ጥሩአየሁ «ለአንድ ወር ብቻ ብንከፍልስ?» አለች። ምንውየለትም «ለአንድ ወር ከሆነማ» አለ። ይርሳው ግን ዲሹን ሊያዞር መፍቻውን ይዞ ጣራ ላይ ወጣ። ጥሩአየሁ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች፣ ምንውየለት በሩ ላይ ሆኖ ቃል ያቀብላል።

«መጣ?»

«አልመጣም ጋሼ።»

«አሁንስ?»

«መጣ። ቆይ። ሄደ።»

«ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ላዙረው ወይስ ወደ ወፍጮው?»

«ወደ ወፍጮው ስታደርገው ሰው ታየ። ራስ የለውም ግን።»

«ራሱን አመጣለታለሁ።»

አመጣለት። ያለ ክፍያ የሚታዩት ጣቢያዎች ገቡ፤ ዜናው፣ ዘፈኑ፣ ድራማው። ኳሱ የለም። ቤቱ ግን እንደገና ሰው ያለበት ቤት ሆነ። የሰፈሩ ሰው ይህን አይቶ «ለእኛም አዙርልን» አለ። ይርሳው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሌላው ሲያርፍ፣ ከጣራ ጣራ ሲወጣ ዋለ። የሰጡትን እቁቡ ላይ ጨመረ።

የጥሩአየሁ ሥራ ዋይፋዩ ነበር። ዝም ብሎ አይቆረጥም፤ ደንበኞቿ የቀሚስ ፎቶ የሚልኩላት በእሱ ነው። በሞባይል ካርድ ይሁን ቢባል ወጪው ይብሳል። በግቢው ውስጥ ሦስት ቤቶች አሉ፤ ሦስቱም ለየራሳቸው ይከፍላሉ። ሁለቱን አስቀርቶ አንዱን ለሦስት መክፈል ይቻላል። ነገሩ የከበደው ሁለተኛው ቤት ያሉት እትዬ ገዳምነሽ ጋ ነው። ባለፈው ዓመት ጥሩአየሁ ካሰጣችው ልብስ የተንጠባጠበ ውሃ የእትዬ ገዳምነሽን ስጥ በርበሬ አበላሸ። ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ በአንድ በር እየወጡ እየገቡ ሰላም አይባባሉም። ሦስተኛዋ ተከራይ ደግሞ እትዬ ገዳምነሽ ያላሉትን አታደርግም።

ጥሩአየሁ ሄዳ በራቸው ላይ ቆመች።

«እትዬ ገዳምነሽ፣ ደህና ዋሉ።»

«ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«በርበሬዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቅርታ አለመጠየቄም ጥፋት ነው።»

«ይሁን። ሌላስ?»

«ዋይፋዩን አንድ አድርገን ለሦስት ብንከፍለው ብዬ ነው። አባቴ በሬ የለውም።»

እትዬ ገዳምነሽ ከበሩ ዘወር ብለው፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ በር ላይ ቆመሽ ነው የምትነግሪኝ? ግቢ እንጂ» አሉ።

ከዚያ ወር ጀምሮ የሦስት ቤት ክፍያ የአንድ ቤት ሆነ። የልብስ ማስጫው ገመድም ወደ ማዶ ተዛወረ፤ ያዛወሩት እትዬ ገዳምነሽ ናቸው።

የእቁቡ ዕጣ ለእነሱ የወጣው መጨረሻ ላይ፣ ሰኔ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ቀንበር የለመደ ቀይ ወይፈን ገዙ። ሦስቱም እየነዱ ወደ አባታቸው ወሰዱት።

ባዘዘው ዙሪያውን እየዞረ አየው። አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ። ጫንቃውን ዳሰሰ። ሰኮናውን አነሳ።

«ጥሩ ነው» አለ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ቀጥሎም «ስሙን ያመጣው ሰው ያውጣለት» አለ።

«ሦስታችንም ነን ያመጣነው፣ አባ» አለ ይርሳው።

«በሬ በሦስት ስም አይጠራም። ከሦስታችሁ በይበልጥ ያመጣው ያውጣ።»

ሦስቱም ወደ ወይፈኑ ተጠጉ። ስም ያወጣ ሰው ምን እንደሚያገኝ ገብቷቸዋል። አባታቸው ያን ስም በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይጠራዋል። በጠራው ቁጥርም ማን እንዳወጣው ያስታውሳል።

ምንውየለት ቀደመ። «የሚወደውን የተወ እኔ ነኝ። ጋሼ ቴሌቪዥኑን ያያል። እታለም ዋይፋዩን ትጠቀማለች። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጨዋታ አላየሁም። ስሙ ጎል ይሁን።»

«ጎል ምንድን ነው?» አለ ባዘዘው።

«ኳስ መረብ ውስጥ ሲገባ ነው፣ አባ።»

ባዘዘው ወይፈኑን አየው። «እሺ። ከተፈረደልህ እጠራዋለሁ።»

ይርሳው ቀጠለ። «መጀመር ሁሉም ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሁለታችሁም ልትከፍሉ ነበር። ያን ቀን ጣራ ላይ ባልወጣ ይህ ወይፈን ዛሬም ገበያ ላይ ነው። ከፍያለው ይባል።»

«ጣራ ስለወጣህ ነው ከፍያለው?» አለች ጥሩአየሁ። «ስትወርድ መሰላሉን የያዝኩልህ እኔ አይደለሁም?» ወንድሞቿ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «የአባን ጤፍ ያየሁት እኔ ነኝ። ነገሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አንተ ጣራ ላይ በምትችለው ሙያ ነው የሠራኸው፤ እሱም መንገድ ላይ በሙያው። እኔ የተጣላሁት ሰው በር ላይ ቆሜ ነው የለመንኩት። ስሙ ታረቀኝ ይሁን።»

«አባ፣ አንተ ፍረድ» አለ ምንውየለት።

«እኔ አላየሁም» አለ ባዘዘው። ሞፈሩን ሊያይ ሄደ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ደግ ነበር። ባዘዘው ጉራችንና ወይፈኑን ጠምዶ፣ የማንንም ተራ ሳይጠብቅ፣ በወቅቱ አርሶ በወቅቱ ዘራ። እሱ ሲያርፍ በሬዎቹን ለዚያ ለተቀናጀው ጎረቤቱ ሰጠው። ጤፉ ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ። ልጆቹ በየበዓሉ እየመጡ በልተው፣ ጠጥተው፣ በስሙ ተከራክረው ይመለሳሉ። አንዳቸውም አልተረታም፤ አንዳቸውም አልተቀየመም።

ማሳው ላይ አሁንም «ጉራች፣ ና ወዲህ» ይላል ባዘዘው። ሽማግሌው በሬ ስሙን ሲሰማ ጆሮውን ያነሳል። ወይፈኑን ግን «አንተ» ነው የሚለው። ወይፈኑም ዞር ብሎ ያየዋል፤ ሌላ የሚጨምርለት እንዳለ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። የሚወደውን የተወው ነው? ቤቱ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ጣራ የወጣው ነው? ወይስ አስቀድማ አይታ፣ በኋላም ደጅ የቆመችው ናት? ነገ ጠዋት ቀንበሩ ሲጫን፣ ባዘዘው ወይፈኑን ማን ባወጣለት ስም ይጥራው?