«ይቆየኝ» ያለው ሰው

ዐይኖቹ የማያዩ አንድ ሰው ነበር። ዜማ የተማረው ከየኔታ ስምዐኮነ ነው። እኚህ መምህር ለዐቢይ ጾም የሚያዜሙት አንድ የቆየ ስልት ነበራቸው፤ ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው አልቀረም። ሰውየውም ያንን ድምፅ ቤቱ ውስጥ፣ በገዛ እጁ ቀርጾ ማስቀረት ተመኘ።

ለዚህ ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ሳውንድ ካርድ ያስፈልገዋል። ቀላል መሰላችሁ? ሱቅ ሄዶ አንዱን ቢዳብሰው ልሙጥ ነው፤ የሚታዘዘው መስታወቱ ላይ በሚበራ ጽሑፍ ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ ለእኔ አልተሠራም» ብሎ መለሰው። ሌላው ማዞሪያ አለው፤ የሚታዘዝበትን ፕሮግራም ግን ጽሑፍ የሚያነብለት ኮምፒውተሩ ጮክ ብሎ ሊያነብለት አልቻለም። እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። አይፈረድበትም፤ ለሁሉ ነገር ሰው መለመን ሰልችቶታል።

የኔታ ግን በየሰንበቱ ይጠይቁታል። «ልጄ፣ ዛሬ ላዚምልህ? በስልክህም ቢሆን ያዘው።»

«ይቆየኝ የኔታ። የስልክ ድምፅ ይሻክራል። ደህናውን ዕቃ ላግኝና።»

«እሺ፣ ይቆይህ።»

ይቆየኝ! ማዕድ ቀርቦለት እንደጠገበ እንግዳ! ምእመናን፣ ምግብስ ይቆያል፣ ከድነን እናስቀምጠዋለን። ሰው ተከድኖ ይቆያል ወይ?

ጾሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የሚፈልገውን አገኘ። ሁለት ማዞሪያ ብቻ ያለው፣ ሲያዞሩት ቀጭ ቀጭ የሚል። ማንንም ሳይጠራ ሰካካው። የራሱን ድምፅ ቀርጾ ሲሰማ በደስታ አለቀሰ። ወዲያው የኔታን ሊያመጣ ወጣ።

በሩን የከፈተችለት ልጃቸው ናት። «ወንድሜ፣ አባባ ከትናንት ወዲያ ወደቁ። አንደበታቸው ተይዟል።»

አጠገባቸው ተቀመጠ። የኔታ አወቁት። ሊያዜሙለት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ይህን ጊዜ በደህናው እጃቸው መዳፉን ያዙና ምቱን በጣታቸው ይመቱለት ጀመር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ሳያጎድሉ። ሰውየው ምቱን ያዘው። ዜማውን ግን ከየት ያምጣው? በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት የኔታ ዐረፉ።

ይህ ሰው ሰነፍ ነበር? አልነበረም። መምህሩን ይንቅ ነበር? ይወዳቸው ነበር እንጂ! ለሚወዳቸው መልካሙን ስለፈለገ ነው የዘገየው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

እናንተስ? ሳሎኑ ቀለም ይቀባና አባቴን እጠራዋለሁ ያላችሁ የላችሁም? ደህና ነገር ይዤ ካልሆነ እናቴ ዘንድ አልሄድም ያላችሁስ? ቃሉን አሳምሬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ እያላችሁ ወንድማችሁን በሩቁ የምታልፉት እስከ መቼ ነው?

ልጆቼ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ባዶ እጃችሁን ሂዱ። ቃሉም ቢደነቃቀፍ ይደነቃቀፍ። ዛሬ ስታንኳኩ «ማነው?» የሚላችሁ የሄዳችሁበት ሰው ራሱ ነው።