ሕመሙ የጠፋው እጅ

አንድ አባወራ የኔታ ዘንድ መጥቶ ጠየቀ። «የኔታ፣ ድሮ ሚስቴም ልጆቼም በነገር ሁሉ ይሟገቱኝ ነበር። ጠበቅ ካደረግኩባቸው ወዲህ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ቤቴ ሰላም ሆነ ማለት አይደለም?»

የኔታም እንዲህ አሉት።

አንድ ግንበኛ ነበረ። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። የሰፈሩ ወጌሻ በማለዳ መጥቶ በቀርከሃ አሰረውና ሚስቱን፣ «እስክመለስ እንዳትፈቺው፤ ከፈታሽው ይወላገዳል» ብሏት ሄደ። እሷም ቃሉን እንደ ሕግ ያዘች። ምን ታድርግ? የቤቱ እንጀራ የሚገኘው በዚያ እጅ ነው።

ክንዱ ማበጥ ጀመረ። ማሰሪያው ግን አብሮ አይሰፋም። ሰውየው ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው። «ኧረ በፈጠረሽ፣ ትንሽ እንኳ ላላ አድርጊልኝ!» ይላታል። እሷ ደግሞ፣ «ቻለው እንጂ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ! ነገ ቆልማማ እጅ ይዘህ እኔን ልትወቅስ ነው?» ትለዋለች። ጭራሽ አንዱ ጫፍ የላላ መስሏት ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። ክፉ ሆና አይደለም፤ ስለምትወደው ነው። ክፉ ብትሆንማ ጎረቤት ያስጥለው ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጩኸቱ ቆመ። «እንዴት ነው?» አለችው። «አሁንስ ምንም አያመኝም» አላት። ደስ አላት። ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ «አላልኳችሁም? ትንሽ መታገሥ ነው እንጂ!» አለች። ከዚያም ጣቶቹን ላጥብለት ብላ ከእሳት የወረደ ውሃ አቀረበች። በረድ ያለ መስሏት እጁን ከእጇ ጋር አብራ ነከረችው። የእሷ ተለበለበና ጮኻ አወጣችው። የእሱ ጣቶች ግን ውሃው ውስጥ እንዳሉ ቀሩ። ፊቱ እንኳ አልተኮሳተረም። እጁን መንጭቃ አወጣችው፤ መደንዘዙ የገባት ያኔ ነው።

እየጎተተች ሆስፒታል አደረሰችው። የእጅ ቀዶ ሐኪሙ ብዙም ሳይጠይቅ መቀሱን አነሳና ማሰሪያውን ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ቀጥሎም ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገብቶ፣ ነርቩና ሥጋው ደም እንዲያገኙ ያበጠውን ክንድ በምላጭ ከፈተው። ሚስትየዋ ውጭ ተቀምጣ፣ «እጁን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ!» እያለች ደረቷን ትመታለች።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። «ኧረ ጣቴን! ጣቴን አቃጠላችሁት!»

ሐኪሙ ወጣ። ፊቱ በላብ ርሷል፤ ግን ይስቃል። «ሰማሽ?» አላት። «ጣቱን አመመው። እጁ ተርፏል።»

ሴትየዋ እልል አለች። ባሏ በሕመም ሲጮህ እልል ያለች ሴት በዚያ ሆስፒታል ታይታ አታውቅም።

የኔታ ይህን ብለው ወደ ሰውየው ዞሩ።

«ልጄ፣ የተሰበረ አጥንት መታሰር አለበት፤ አትሰር አላልኩህም። ነገር ግን ያ ክንድ ሲጮህ ገና ደኅና ነበር። የባሰው ዝም ሲል ነው። የአንተም ሰዎች ሲሟገቱህ የምትላቸው ነገር ይሰማቸው ነበር። አሁን ደንዝዘውብሃል፤ ይህን ሰላም አትበለው። ደግነቱ ገና አልዘገየህም። ሂድና አላላላቸው። ዛሬ ራት ላይ ልጅህ ‹አይ አባዬ፣ ይሄ ልክ አይደለም› ብላ ብትነሳብህ እንዳትቆጣ። ተመስገን በል።»