የሻረግና የሐረግ ቀፎዋ

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ጆሮም ልብም ስጡኝ። የአያቶቻችን አያቶች ገና ጥርስ ባላወጡበት፣ ጫካው ሰፊ፣ የሰው ልብ ግን እንደ ዛሬው ጠባብ በሆነበት ዘመን፣ በዚሁ በዝግባ አፋፍ የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች።

በዚያው አገር ጓንጉል የሚባል ባላባት ነበረ። ትልልቁ ዛፍ ሁሉ የኔ ነው ይል ነበር። ቀፎ ያኔ ከግንድ ተፈልፍሎ ይሠራ ነበርና፣ ዛፉን የያዘ ቀፎውን ያዘ፤ ቀፎውን የያዘ ማሩን ያዘ። የሻረግ ባል የጓንጉልን ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጣ። ቅርንጫፉ ተገነጠለ፤ ሰውዬው ወድቆ ሞተ። ጓንጉል ለቅሶ አልደረሰም። ስለተሰበረው ቀፎ ግን ሰው ልኮ ጠየቀ። ይህን ስናገር አሁንም ደሜ ይፈላል።

ለየሻረግ ሁለት ሴት ልጆች፣ አንዲት ላምና ድንጋያማ ቁራሽ መሬት ቀሩላት። መሬቷ ጤፍ አታበቅልም። ገብስ አታበቅልም። ግራዋና መጭ ግን ያብብባታል፤ ንብ ከሩቅ እየመጣ ይቀስምባታል። የሻረግ አበባውን አየች፤ ንቡን አየች። «ልጆቼን የሚያሳድግልኝ ይኸው ነው» አለች። ተነስታ ወደ ጓንጉል ሄደች።

«ጌታዬ፣ አንድ ያረጀ ቀፎ ይስጡኝ» አለችው።

«ላሚቱን አምጪና ውሰጂ።»

«ላሚቱን ከሰጠሁ ልጆቼ ምን ይጠጣሉ?»

«ድሮስ ሴት ከንብ ጋር ምን አገናኛት? ሂጂ፣ ጥጥሽን ፍተዪ!» ብሎ ሳቀ። አሽከሮቹም ሳቁ።

የሻረግ አላለቀሰችም። ተቆጣች። ከባላባቱ ደጅ እስከ ወንዙ ድረስ እየተቆጣች ወረደች። ወንዙ ዳር ማንም የኔ ያላለው ሸምበቆ ነበረ፤ ማንም የኔ ያላለው ሐረግ ነበረ። ቆረጠች። ትንሽ ጎተራ አጋድማ የምታበጅ ይመስል፣ ሐረጉን በሸምበቆው ላይ እያዞረች ጎነጎነች። ጭቃ መረገችበት። ሥራው አዲስ ነውና ቸኮለች፤ ጭቃው ሳይደርቅ ደጅ አወጣችው። ዝናብ መጣና ጭቃው ታጥቦ ወረደ። ጎረቤት ሳቀ። የሻረግ ተቆጣች፤ ተቆጥታም እንደገና ሠራች።

ሁለተኛውን በእበትና በአመድ መረገችው። እስኪጠነክር ፀሐይ አሞቀችው። ውስጡን በወይራ ጭስ አጠነችው፤ ሰም ቀባችው። ከግራዋው ሥር ባላ ተክላ አስቀመጠችው። ንብ ገባ! ልጆቿ ጨፈሩ። ምን ዋጋ አለው፣ ጉንዳን በባላው ወጣ። እጩን በላ፤ ንቡም ጥሎ ሸሸ። ጎረቤት አሁንም ሳቀ። የሻረግ ተቆጣች፤ ተቆጥታም እንደገና ሠራች። አሁን ሣሩን መነጠረች፤ በባላው እግር ዙሪያ አመድ ነሰነሰች።

ሦስተኛው ቀፎ ሞላ። ማር ቆረጠች፤ ልጆቿ ጠገቡ። ጎረቤት ሳቁን ተወ። ወሬውም ጓንጉል ዘንድ ደረሰ።

በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ በመንገዱ ሲያልፍ፣ ጓንጉል አሽከሮቹን አስከትሎ መጣ። «ይህ ንብ ከኔ ቀፎ የወጣ ነው። የሌባ ቀፎ ይቃጠላል!» አለ። አሽከሮቹ ችቦ ለኮሱ። ቀፎው ከነንቡ ነደደ። ሰሙ ቀለጠ፤ ማሩ እየፈላ አፈር ላይ ፈሰሰ። ሰው ቆሞ አየ።

ያን ቀን የሻረግ አንቱታውን ጣለችው።

«አንተ ጓንጉል!» አለች። ባላባትን አንተ ያለ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። «ባሌን በላህ፤ ዝም አልኩ። ላሜን ተመኘህ፤ ዝም አልኩ። ዛሬ ደግሞ ንቤን በእሳት በላህ። ያቃጠልከው ግን ቀፎዬን እንጂ እጄን አይደለም!»

ወደ ቆመው ሰው ዞረች። «እናንተስ? ሲፈርስብኝ ሳቃችሁ፤ ሲያቃጥልብኝ ዝም አላችሁ! ሸምበቆው ያው ወንዝ ዳር ነው። ሐረጉም ያው። አንድ ቀፎ አቃጠለ፤ ቀፎ በየደጁ ቢቆም ስንቱን ያቃጥላል?»

ሰው አንገቱን ደፋ። ከሁሉ አብልጣ ስትስቅባት የነበረችው ጎረቤቷ ብርነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ ወንዙ ወረደች። ሌሎችም ተከተሏት። የሻረግ መንገድ ዳር ተቀምጣ ጎነጎነች። እየጮኸች አሳየቻቸው፤ እየተሳደበች አስተማረቻቸው። «አጥብቂው! ቀዳዳ የተውሽው ለጉንዳን ነው? ሳይደርቅ ታወጪዋለሽ? ምነው፣ በኔ አልሳቅሽም ነበር?»

ክረምቱ አልፎ መጭ ሲያብብ በየደጁ ቀፎ ቆመ። ጓንጉል ችቦውን አስለኩሶ ወጣ። አንዱን ደጅ አየ፤ ሌላውን ደጅ አየ። በየደጁ ሴት ቆማ ታየዋለች። ችቦው ነዶ አለቀ፤ እሱም ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ቀፎ የሚሰቅልለት ሰው አላገኘም። የግንድ ቀፎዎቹን ምስጥ በላቸው።

የሻረግ አርጅታ ሞተች። ጓንጉልን ይቅር ብላዋለች የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው። አላለችውም።

እንግዲህ በዝግባ አፋፍ እስከ ዛሬ ቀፎ የማይሸጠው ለዚህ ነው። ንብ ማርባት ለሚጀምር ሰው ጎረቤት ተሰብስቦ የመጀመሪያውን ቀፎ ይጎነጉንለታል። የመጀመሪያውን እበት የምትለጥፈው ሴት ናት፤ እያለሰለሰች አይደለም፣ በጥፊ ነው የምትመታው። ያኔ የተሰበሰበው ሁሉ ባንድ አፍ ይጮኻል፦

«ቀፎ ቢነፍጉሽ፣ ሐረግ አለልሽ!»

ቀፎው ለወንድ ቢሠራም «ሽ» ነው የሚባለው። የተነፈገችው እሷ ናትና።