ሐይቁን የተከተሉት ሁለት ሰዎች

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አያ ዳምጤ። «ሐይቅ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ነበረ። አንተ ዛሬ የጠየቅኸኝን እሱም በጊዜው ጠይቆ ነበርና ተቀመጥና ስማኝ።»

አያ ዳምጤ የአካባቢው የውሃ አባት ናቸው። ማን በየትኛው ቀን ከሐይቁ ውሃ እንደሚስብ ተራ የሚያወጡት፣ በውሃ የተጣላ ሲኖርም የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ጠያቂው ይርሳው የሚባል ጎልማሳ ገበሬ ነው። ሞተርህን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አስነሳ ቢባል ቅር ብሎት መጣና፣ «አያ ዳምጤ፣ እኔ አንድ ሰው ሞተሬን ባጠፋ ሐይቁ ይሞላል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው አልተቆጡም። በትራቸውን ከጎናቸው አጋደሙና ታሪኩን ቀጠሉ።

ይህ የምነግርህ ሰው ክፉ አልነበረም። ታታሪ ነበር። ሚስት ባገባ ጊዜ የሐይቁ ውሃ ጓሮው ድረስ ይመጣ ነበር። ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን ከአጥሩ ላይ ያስሩና፣ አጥሬን ነቀነቃችሁት እያለ በየጠዋቱ ይጣላቸው ነበር። ሽንኩርቱን የሚያጠጣው በባልዲ ነበር። በኋላ ውሃ መሳቢያ ሞተር ገዛ። አንድ ጥቅል ቱቦ ዘረጋ፤ ውሃውም እየተንደቀደቀ መደቡ ላይ ፈሰሰለት። የዚያን ዓመት ሽንኩርቱ ቡጢ አከለ። ጎረቤቱ ይህን አይቶ ሞተር ገዛ፤ የጎረቤቱ ጎረቤትም ገዛ። ትንሽ ቆይቶ በዚያ መንደር ጎህ መቅደዱን የሚናገረው ዶሮ መሆኑ ቀረና ሞተር ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት ቱቦው ውሃው ላይ አልደርስ አለ። ሰውየው ግን ውሃው ሸሸ አላለም፤ ቱቦው አጠረ አለ። አንድ ጥቅል ቀጠለበት። በሦስተኛውም ዓመት ቀጠለበት። በአምስተኛው ዓመት ሞተሩን በአህያ ጭኖ መውረድ ግድ ሆነበት። ሚስቱ እማዋይሽ ምሳ ስታደርስለት ወጡ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ሰሃኑን አስቀመጠችለትና፣ «አንተ ሰው፣ ይሄ ሐይቅ ካንተ እየሸሸ ነው። ምን ብለኸው ነው?» አለችው። እሱም ዝናቡ ስለቀነሰ ነው አላት። ዝናቡ መቀነሱ እውነት ነው። ግን ዝናቡ ብቻ አልነበረም፤ እሱም ልቡ ያውቀዋል።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ነገሩ አስግቷቸው ሰው ሰበሰቡ። በተራ እናጠጣ የሚል ሐሳብ መጣ። ሰውየው ተነሥቶ የአንተን ጥያቄ የጠየቀው ያን ጊዜ ነው። እኔ ብተው ሐይቁ ይሞላል ወይ አለ። እኛ ሁላችን ብንተወውስ የማዶ ሰዎች ይጨርሱት የለም ወይ ብሎም ጨመረ። የማዶ ሰዎች ያለው በሐይቁ በወዲያኛው ዳር የሚኖሩትን ነው። በእግር ለመዞር ሁለት ቀን፣ በጀልባ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ ከመንደሩ ሰው አብዛኛው አይቷቸው አያውቅም። ሰው ደግሞ የማያውቀውን ሰው በተመለከተ የተባለውን ሁሉ ያምናል። ሃምሳ ሞተር አላቸው ይባል ነበር። ሌት ተቀን ሲስቡ ይውላሉ፣ ያድራሉ ይባል ነበር። ስለዚህ ሁሉም እውነቱን ነው እያለ ወደየቤቱ ሄደ፤ በማግስቱም ሁሉም ቱቦ ቀጠለ።

በሰባተኛው ዓመት በልጉ ጭራሽ ቀረ። ሽንኩርቱ ሊነቀል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሞተሩ ውሃ መሳብ አቅቶት ጭቃ ያስለው ጀመር። ጎረቤቶቹ ተስፋ ቆርጠው ቱቦአቸውን ጠቀለሉ። ይህ ሰው ግን እንቢ አለ። ሞተሩንና የቀረውን ቱቦ ሁሉ ጭኖ፣ ውሃው ወዳለበት እሄዳለሁ ብሎ ቱቦውን እየቀጠለና እየዘረጋ በሐይቁ መሐል ለመሐል መንገድ ጀመረ። መጀመሪያ የተሰነጣጠቀ መሬት ላይ ሄደ። ቀጥሎ አህያዋ የማትራመደው ጭቃ መጣ፤ እሷን እዚያው አቁሞ ሞተሩን ራሱ ተሸከመ። ረፋድ ላይ ደረሰ። ከዚያ ሁሉ ሐይቅ የቀረው የአራት አውድማ ስፋት ያለው ኩሬ ነበር።

ቱቦውን ነከረና ሞተሩን አስነሣ። ውሃው ተሳበለት። ደስ አለው። ወዲያው ግን የኩሬው ዳር በዓይኑ ፊት ሲሸሽ አየ። እኔ ይህን ያህል እጠጣለሁ እንዴ ብሎ ተገረመ። ጆሮውን አቅንቶ ቢያዳምጥ ከኩሬው ባሻገር ሌላ ሞተር ይጮኻል። ሞተሩ አጠገብ እስከ ጭኑ ጭቃ የተለቀለቀ፣ ትከሻው ላይ ቱቦ የጠመጠመ ሰው ቆሞ ያየዋል።

ሁለቱም ኩሬውን ዞረው መሐል መንገድ ላይ ተገናኙ።

«አንተ የማዶ ሰው ነህ?» አለ የእኛው።

«ኧረ እኔ የዚህ ነኝ፤ የማዶ ሰውስ አንተ ነህ» አለው ያኛው።

ስንት ሞተር አላችሁ ተባባሉ። ያኛው አሥራ ስምንት አለ፤ የእኛው አሥራ ዘጠኝ አለ። የእኛ ሰዎች ሃምሳ አላችሁ ይሉናል አለ አንዱ። እኛም ዘንድ ስለ እናንተ የሚወራው ይኸው ነው አለ ሌላው። ለምን አትተዉትም ነበር ብለው ተጠያየቁና መልሳቸው አንድ ሆነ። እኛ ብንተወው እናንተ ትጨርሱታላችሁ ብለን ነው ተባባሉ። መጀመሪያ ተፋጠጡ። ከዚያ ያኛው ሰው ከንፈሩን ነክሶ ሊይዘው ሞከረና አልቻለም፤ ሳቀ። የእኛውም ሳቀ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሳቃቸው ሲበርድ ወደ ኩሬው አዩ። የአምባዛ ዓሣ ጀርባ ከውሃው በላይ ወጥቷል። በዳርና ዳሩ የከብት ኮቴ ነበር፤ ከወዲህም ከወዲያም የመጡ ከብቶች የሚጠጡት ከዚያችው ነው። ሁለቱ ሞተሮች እንዲህ ከዋሉ እስከ ማታ የሚቀር ነገር የለም።

የእኛው ሰው ሐይቁ ሰፊ ሳለ እኔ ምንም ነኝ ይል ነበር። አሁን ከሁለት ጠጪዎች አንዱ እሱ ነው። ጉሮሮው በዚያች ጠዋት አልሰፋም፤ ድሮም የሚጠጣው ያንኑ ያህል ነበር። የውሃው ብዛት ከዓይኑ ደብቆለት ኖሯል እንጂ። ስለ ሽንኩርቱ አሰበ። እማዋይሽ በዚያ ሽንኩርት ቤቱን ቆርቆሮ ልናለብስበት ነው ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። ይህን ሁሉ እያሰበ በጭቃው ውስጥ ተመልሶ ሄደና ሞተሩን አጠፋ።

ልብ በል፤ ያኛው ሰው ቃል አልገባለትም ነበር። ኩሬው ለብቻው ቀርቶለታል፤ ሊጠጣው ይችላል። ጥቂት ቆመ። ግን የአንዱ ሞተር ዝም ሲል የሌላው ጩኸት ብቻውን ይሰማል፤ ብቻውን የሚሰማ ሞተር ደግሞ ያሳፍራል። እሱም ሄዶ አጠፋ።

«ሽንኩርትህስ?» አለው ሲመለስ።

«ይደርቃላ» አለ ሰውየው።

«የእኔም ይደርቃል። እንግዲያው ና፣ ምሳ እንብላ። ለካ ቤቴ ቅርብህ ነው።»

እንደተባለው ሽንኩርቱ ደረቀ። ከዳር የተረፈው ሲነቀል ከነጭ ሽንኩርት አይበልጥም። እማዋይሽ አንዱን አንሥታ አገላበጠችውና፣ ደግ ነው፣ መክተፍ አያስፈልገውም አለች። ቆርቆሮው ቀረ። በሳሩ ክዳን ሌላ ሁለት ክረምት ከረሙ።

የሁለቱ ዳር ሰዎች ግን ወደ ደረቀው የሐይቁ መሬት ወርደው ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ሞተር ሄዶ በዓይኑ ቆጠረ፤ ሃምሳ የሚባለው ወሬ በዚያው ቀረ። ከየዳሩ አንድ አንድ የውሃ አባት መረጡ። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ላይስቡ ተማማሉ። ከመሬታቸው እኩሌታውን ውሃ ማጠጣት የማያሻው ሽምብራ ዘሩበት። ውሃው ወደ ሐይቁ የሚወርድበት ተራራ ከልቅ ግጦሽ ተከልሎ እርከን ተሠራለት፤ ከሐይቁ በላይ ያሉ ገበሬዎች የጠለፏቸው ጅረቶችም እንዲለቀቁ ተደረገ። ሁሉም ወዲያው እሺ አላለም። ከተራው ውጭ የሚስብ ሰው ሲገኝ እነዚያ ሁለቱ ሰዎች ሄደው ደጁ ይቀመጣሉ። አይቆጡም፤ አይሳደቡም። ምሳ እስኪቀርብላቸው ይጠብቃሉ፤ በልተውም በማግስቱ ይመለሳሉ። እነሱን ከመቀለብ ሞተር ማጥፋት ይቀላል ተባለ።

ዝናቡ ሲመለስ ውሃው የሚያድርበት ቦታ አገኘ። ወደ ድሮ ቦታው አልደረሰም፤ እስከ ዛሬም አልደረሰም። ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ከፍ አለ። ሁለቱ ሰዎችም ወዳጅ ሆነው ቀሩ፤ ልጆቻቸውንም አጋቡ። በሠርጉ ሚዜዎቹ በእግራቸው፣ ጭቃውን እየዘለሉ ተሻገሩ። የመጀመሪያው የልጅ ልጅ ክርስትና ሲነሣ መሐሉን ማቋረጥ ስላልተቻለ ዳር ዳሩን ዞሩ። ሁለተኛው ሲነሣ የዶሮ ቤት ሆና የነበረች አንዲት ጀልባ ጠግነው ቀዘፉ። ልጁን የዳረበት መንደር በየዓመቱ እየራቀበት፣ በመራቁ የሚደሰት መንገደኛ እኔ ያየሁት ያንን ሰው ብቻ ነው።

አያ ዳምጤ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ይርሳው ዞሩ።

«እንግዲህ ጥያቄህ፣ እኔ ሞተሬን ባጠፋ ሐይቁ ይሞላል ወይ ነው። አይሞላም፤ አልዋሽህም። ብቻህን አላጎደልከውም፣ ብቻህንም አትሞላውም። ነገር ግን እኔ ምንም ነኝ ብለህ ካሰብክ ተሳስተሃል። የዚያ ሰው ሞተር የጠጣውን ያህል ያንተም ይጠጣል፤ የዛሬው ሐይቃችን ሰፋ ስላለ ድርሻህ አልታይህ አለህ እንጂ አነሰ ማለት አይደለም። የማዶ ሰዎችም ይህን ጊዜ ስለ አንተ እንዲሁ እያወሩ ነው። እሱ ድርሻውን ያየው ኩሬው ዳር ቆሞ፣ ሽንኩርቱን አክስሮ ነው። አንተ ዛሬ ብታየው የምትከስረው የለህም፤ በሳምንት አምስት ቀን ታርፋለህ።»

ይርሳው መሬት መሬቱን አየ። ቀጥሎ ፈገግ ብሎ፣ ተራዬ መቼና መቼ ነው አላቸው።

«ማክሰኞና ዓርብ።»

«እሺ አያ ዳምጤ።»

«እሺ ማለትህ ጥሩ ነው» አሉ ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው። «አያ ዳምጤ ጆሮው ደክሟል ይሉሃል። እውነት ነው፤ ሰው ሲያማኝ አልሰማም። ሞተር ግን እሰማለሁ።»